የላስቲክ ቀለበት

እዚያም ሐምሌ ክረምት ነው፤ ዝናብ ግን የለም፣
ውርጭ ነው ሜዳውን የሚቀባው ቀለም።
ኦታጎ ይሉታል፣ የኒውዚላንድ ደቡብ ጫፍ፤
ብርዱ ዝንብ ይጥላል ሳይዘረጋ ክንፍ።
ኤልስፔት ይህን ወር ስትጠብቅ ከረመች፤
ቁስል ዝንብ ይጠራል፣ ያንን ታውቃለች።

ፍየሏ ዱልሲ ናት፣ አራት ዓመት ሞላት፤
በጨረታ በርካሽ፣ ከነቀንዷ ገዛቻት።
ከነቀንዷ! ሌላ ሰው ያላነሳት ለዚህ ነው፤
እንደ ማጭድ ጥምዝ፣ ጫፉ ስለት ነው።
ሁለቴ ራሷን በአጥር ሽቦ ሰካች፣
ሁለቴ ኤልስፔት በሌሊት ፈታች።
ሦስተኛው ግን ሌላ፦ ያረገዘች ጓዷን
ከግርግሙ ጥግ ይዛ ወጋቻት ጎኗን፤
ሁለት ሙት ግልገሎች ወጡ በማግስቱ፣
በአሮጊቷ መዳፍ ላይ፣ ሳይሞቃቸው እሳቱ።

የከብት ሐኪሙ ዊረሙ ቀንዱን ይዞ መረመረ፤
«ይህማ በሳምንቷ፣ ገና እምቡጥ ሳለ ነበረ።
አሁን ውስጡ ባዶ ነው፣ የግንባር አጥንት ዋሻ፤
መጋዝ ደሙ ብዙ ነው፣ ላስቲክ ሥቃዩ የለው መድረሻ።
እኔን ብትጠይቂኝ፣ ብትሸጫት ይሻላል።»
«ለማን?» አለች።
ዝም አለ። የቄራው መኪና በዚያው መንገድ ያልፋል።

ስለዚህ በሐሙስ ቀን፣ እሱ የተወላትን ማስታገሻ ወግታ፣
የቴታነስ ክትባቱን ከአንገቷ ሥር ሰጥታ፣
ከቀንዱ ግርጌ ጠጉሩን በምላጭ ላጨችው፣
ላስቲኩ እንዳይሸሽ በሞረድ ቦይ ቀደደችው።
ያው የበግ ጭራ ማሰሪያ፣ ባለ አራት ጥርስ ጉጠት
ለጥጦ ያዘላት ያንን አረንጓዴ ቀለበት።
ቀለበት አሰረች!
ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ጥሎሽ፣ ያለ ድግስ፤
ሙሽራይቱ ቆማ አጃ ስታኝክ፣ ጭራዋን ስትነሰንስ።
ሁለት ለግራው ቀንድ፣ ሁለት ለቀኝ፣
በላዩ ፕላስተር። «ይቅር በይኝ»
አላለችም፤ እንዲህ ያለ ቃል አፏ ላይ የለም።

የመጀመሪያው ሰዓት መጥፎ ነበር።
ዱልሲ ግንባሯን ለግድግዳው ሰጥታ ጥርሷን አፋጨች፤
ኤልስፔት ባልዲ ገልብጣ ከጎኗ ተቀመጠች።
ከዚያ ወዲያ ዝም። ላስቲክ አይጮኽም፣
እንደ ቢላ አይቸኩልም፤
ያንቃል፣ ይጠብቃል፣ ሌላ ሙያ የለውም።

የራሷንም ቀለበት፣ የሟቹን፣ የአርኪባልድን፣
አላወለቀችውም፤ አትችልም፤ ሪህ አሳብጦት ጣቷን።
ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሥጋዋን ሰርስሮ ቦይ አበጅቷል፤
«የኔ ያለ ሞረድ ነው» ትላለች፣ ትስቃለች፤ ሳቁ ግን ያጥራል።

በአርባኛው ቀን ግራው ወደቀ፣ ከድርቆሹ መሃል፤
አነሳችው፤ እንደ ባዶ ዋንጫ ቀሏል።
ቀኙ አሻፈረኝ አለ፤ ዐሥራ አንድ ቀን በአንድ ቀንድ
ዱልሲ አንገቷን አዘንብላ ዞረች፣ እንደ ጠመመ መንገድ።
እሱም ሲሄድ ጥቂት ደም ነበር፣ ቁራጭ ጥጥ ያቆመው፤
ከዚያ ሮዝ ጠባሳ፣ ጠጉር ቀስ ብሎ ያለበሰው።

መንጋው ወዲያው አወቀ።
ትናንት የምትፈራው ዛሬ ከግርግሙ ተገፋች፤
ያቺ ጓዷ፣ ግልገሎቿን ያጣችው፣ ቀድማት በላች።
ፍርድ ይሁን አይሁን ኤልስፔት አልጠየቀችም፤
ፍየል ፍርድ አታውቅም። ሰውም ብዙ አያውቅም።

አንድ ነገር ግን ቀረ።
ጀርባዋን ሲበላት ዱልሲ አንገቷን ወደ ኋላ ታጥፋለች፣
በሌለው ቀንድ ጫፍ ልታክ ትሞክራለች።
አየር ነው። ትደግማለች። አየር ነው።
ግራ ገብቷት ትቆማለች፣ በሩ ጠፍቶበት እንደ ቆመ ሰው።
ያኔ ኤልስፔት የወተቱን ባልዲ መሬት ታስቀምጣለች፤
ባበጠው ጣቷ፣ ቀለበቱ በነከሰበት፣
እዚያች ሥፍራ ላይ ታክክላታለች፣ ቀንዱ ይደርስ በነበረበት።